ሰንጢ እንዴት ይከፈታል፥ እንዴትስ ይቆለፋል

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ለሳይንስ ገጽ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ጓደኞቼ ስለ ሮኬት ወይም ስለ ኮምፒዩተር እንድጽፍ መከሩኝ። ነገር ግን እኔ ስለ ሮኬት የማውቀው ሌላ ሰው የነገረኝን ብቻ ስለ ሆነ፥ በእጄ ይዤ፥ ፈትቼና መልሼ ገጥሜ ያየሁትን ነገር መረጥሁ። ይኸውም ሰንጢ ነው።

ሰንጢ ሲገዛ ገዢ ሁሉ «ይቆርጣል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጩም ወዲያው ቁራጭ ወረቀት አንሥቶ በስለቱ ሸርከት ያደርግለታል፤ ገበያውም በዚህ ያልቃል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «በሥራ ላይ ሳለሁ በጣቶቼ ላይ እንዳይታጠፍ የሚከለክለው ምንድን ነው?» የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ሰንጢ ጨብጠን ስንሠራ አራቱ ጣቶቻችን የሚያርፉት ስለቱ ታጥፎ በሚተኛበት ስንጥቅ አፍ ላይ ነው። ስለቱ ሳይታሰብ የታጠፈ እንደ ሆነ መንገዱ በእነርሱ ላይ ነው። ጣታችንን የሚያጥፉት ጅማቶች ደግሞ በመዳፍ በኩል፥ ከቆዳው ሥር ጥቂት ብቻ ዝቅ ብለው ያልፋሉ፤ ጅማቱ ፈጽሞ የተቆረጠ እንደ ሆነ ቆዳው ቢድን እንኳ ሐኪም ካልሰፋው በቀር ጣቱ እንደ ቀድሞው አይታጠፍም። ብዕር የሚይዝ፥ ክራር የሚመታ፥ መርፌ የሚያሾልክ እጅ በአንድ ቅጽበት ሊጎድል ይችላል ማለት ነው።

በትምህርት ቤታችን ደንብ ሰንጢ ይዞ ወደ ክፍል መግባት ክልክል ነው፤ ደንቡም ትክክል ይመስለኛል። ስለዚህ ለዚህ ጽሑፍ የመረመርኋቸውን ሰንጢዎች ሁሉ የፈታኋቸው በእጅ ሥራ ክፍል ውስጥ፥ መምህራችን አጠገቤ ቆመው፥ እጀታውን በሞርሳ አስሬ ነው። አንባቢም እንዲሁ እንዲያደርግ እለምናለሁ። ደግሞም ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸው ይታወቅልኝ።

በመጀመሪያ በክፍሎቹ ስም እንስማማ። የሚቆርጠው ብረት ስለት ነው፤ ስለቱም በአንድ ወገን የተሳለ አፍ፥ በሌላው ወገን ወፍራም ጀርባ አለው። ወደ እጀታው የሚገባውን ያልተሳለ ጫፉን እኔ ተረከዝ እለዋለሁ። ተረከዙ ተበስቶ አንድ ችንካር ያልፍበታል፤ ስለቱ የሚዞረው በዚህ ችንካር ላይ ነው። በእጀታው ውስጥ ስለቱ ታጥፎ የሚተኛበትን ስንጥቅ ማደሪያ እንበለው። ሰንጢ ሁሉ፥ ውዱም ርካሹም፥ ከዚህ የተሠራ ነው፤ ልዩነቱ ያለው ተረከዙን ይዞ የሚያቆመው ነገር ላይ ነው።

አሁን ስለ ማንሻ የተማርነውን እናስታውስ። ከመዞሪያው ርቆ የሚጫን ጥቂት ኀይል ለመዞሪያው ቅርብ በሆነ ቦታ ላይ ብዙ ኀይል ይሆናል። በእጄ ካሉት ሰንጢዎች አንዱን በማስመሪያ ብለካው ከችንካሩ እስከ ስለቱ ጫፍ 80 ሚሊሜትር፥ ከችንካሩ እስከ መቆለፊያው መንከሻ ደግሞ 5 ሚሊሜትር ሆነ። እንግዲህ በስለቱ ጫፍ ላይ ወደ መታጠፊያው አቅጣጫ 2 ኪሎ ብቻ ቢጫን፥ 2 በ80 ሲባዛ 160 ነው፤ 160 ለ5 ሲካፈል 32 ይሆናል። መቆለፊያው የሚሸከመው 32 ኪሎ ነው ማለት ነው። በጫፉ ላይ ያረፈው 10 ኪሎ ቢሆን ደግሞ በዚያች የሩዝ ፍሬ በምታህል መንከሻ ላይ 160 ኪሎ ያርፋል። ይህን ሒሳብ ከሠራሁ በኋላ ሰንጢ ሁሉ በዐይኔ ሌላ ሆኖብኛል።

ነገር ግን አቅጣጫውን ልብ ማለት ይገባል። በስለቱ አፍ እንጨት ስንቀርፍ፥ እንጨቱ ስለቱን መልሶ የሚገፋው ወደ ጀርባው ነው፤ ይህም ግፊት ሰንጢውን ይበልጥ ይከፍተዋል እንጂ አያጥፈውም። በዚህን ጊዜ መቆለፊያው ሥራ ፈት ነው። ሰዎች ያለ ምንም መቆለፊያ ብዙ መቶ ዓመት በሰንጢ የሠሩት ስለዚህ ነው። አደጋው የሚመጣው ኀይሉ ሲገለበጥ ነው፤ በጫፉ ቆዳ ወይም እንጨት ስንበሳ እጃችን ያዘነበለ እንደ ሆነ፥ እንጨት ውስጥ የተቀረቀረ ስለት ለማውጣት ወደ ላይና ወደ ታች ስንነቀንቀው፥ ወይም እንደ መጥረቢያ አድርገን ጀርባውን በድንጋይ ስንመታው። እንግዲህ የመቆለፊያን ልዩ ልዩ ዐይነት የምንመዝነው በእነዚህ ጊዜያት በሚያደርገው ነው።

ከሁሉ የሚቀለው ሰንጢ ሞላም ቁልፍም የለውም። ስለቱን የሚይዘው በችንካሩ ዙሪያ ያለው መፋተግ ብቻ ነው። ጢም የሚላጭበት ታጣፊ ምላጭ ከዚህ ወገን ነው። በጃፓን አገር በሚኪ ከተማ ከ1890ዎቹ ጀምሮ የተሠራው ሂጎኖካሚ የሚባለው ሰንጢም እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን ጃፓኖቹ አንድ ብልሃት ጨምረውበታል። ተረከዙን አስረዝመው እንደ ትንሽ ጅራት ከእጀታው ውጭ እንዲወጣ አድርገውታል። ጅራቱን በአውራ ጣት ሲጫኑት ስለቱ ይከፈታል፤ ከተከፈተም በኋላ ጅራቱ በእጀታው ጀርባ ላይ ይተኛና የያዘው ሰው አውራ ጣት ያርፍበታል። ቁልፉ ራሱ የሰውየው ጣት ነው ማለት ነው። ሒሳቡንም ብናየው መልካም ነው፤ ጣቱ ከችንካሩ 25 ሚሊሜትር ርቆ ቢያርፍ ያንን የጫፍ 2 ኪሎ ለማቆም 6 ኪሎ ከግማሽ ያህል ይበቃዋል። ብረቱ 32 ኪሎ የሚሸከመውን ጣት በዚህ ያህል የሚችለው ርቆ ስለ ቆመ ብቻ ነው። ይህን የመሰለ ቀላል ነገር ሳይ ደስ ይለኛል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የጀርባ ሞላ ያለው ሰንጢ ነው። አያቶቻችን በኪሳቸው የያዙት፥ በየሱቁም ዛሬ የሚገኘው፥ አብዛኛው ከዚህ ዐይነት ነው። በእጀታው ጀርባ ላይ አንድ ረዘም ያለ የአረብ ብረት ሞላ ተዘርግቶ ጫፉ ተረከዙን ይጫናል። ተረከዙ ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን ሆኖ ተሞርዷል፤ ምሥጢሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ስለቱ ተዘግቶ ሳለ ሞላው በአንዱ ሜዳ ጐን ላይ ተኝቷል፤ ስንከፍተው የተረከዙ ማዕዘን ሞላውን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ማዕዘኑ እንዳለፈ ሞላው በሚቀጥለው ጐን ላይ «ቀጭ» ብሎ ይወድቃል። ብዙዎች ይህችን ድምፅ ሰምተው ተቆለፈ ይላሉ። አልተቆለፈም፤ ሞላው ተጫነው እንጂ መንገዱን አልዘጋውም። በቂ ኀይል ከመጣ ማዕዘኑ ሞላውን ዳግመኛ ገፍቶ ያልፋል። በአንዳንዱ ሰንጢ ላይ ስለቱ በግማሽ መንገድ፥ በ90 ዲግሪ ላይ ቆም የሚለው ለዚሁ ነው፤ ሲታጠፍ ጣት ከመንገዱ እንዲወጣ ጊዜ ይሰጣል።

በዚህ አሠራር የታወቁት የሸፊልድ ከተማ የእንግሊዝ አንጥረኞች ነበሩ። በስዊስ አገር ደግሞ ካርል ኤልዝነር የሚባል ሰው በ1884 በኢባኽ መንደር የቢላዋ መሥሪያ ቤት ከፍቶ በ1891 ለአገሩ ወታደሮች ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ። በ1897 ያወጣው የመኰንኖች ሰንጢ ግን የሚደነቅ ነው፤ አንዱ የጀርባ ሞላ በአንድ ወገን ያለውንም በሌላው ወገን ያለውንም መሣሪያ እንዲጫን አድርጎ ስለ ሠራው፥ ሌላ ሞላ ሳይጨምር የመሣሪያዎቹን ቊጥር አበዛ። ቡሽ የሚነቅለው ጠምዛዛ ብረትና ትንሹ ስለት የገቡት በዚህ ነው።

እውነተኛ መቆለፊያ ማለት እንግዲህ የሚጫን ሳይሆን መንገድ የሚዘጋ ነው። ከእነዚህም ለመረዳት የሚቀለው የቀለበቱ ነው። በፈረንሳይ አገር በሳቮዋ ተራራማ አውራጃ ዦዜፍ ኦፒኔል የሚባል ወጣት በ1890 አንድ የገበሬ ሰንጢ ሠራ፤ በ1897 ደግሞ ከ1 እስከ 12 ቊጥር ሰጥቶ በልዩ ልዩ መጠን አወጣው። እጀታው አንድ ወጥ እንጨት ነው፤ በአንገቱ ላይ የብረት እጅጌ ተጠምዶለታል፤ ሞላ የሚባል ነገር የለውም። ለ60 ዓመት ያህል ያለ መቆለፊያ ሲሠራ ቆይቶ በ1955 ማርሴል ኦፒኔል የሚዞር ቀለበት ጨመረለት። ቀለበቱ በአንድ ወገን የተሰነጠቀ ነው። ስንጥቁ ከማደሪያው ጋራ ሲገጥም ስለቱ በሁለቱ መካከል አልፎ ይታጠፋል፤ ቀለበቱን በአውራ ጣት ጥቂት ያዞሩት እንደ ሆነ ግን ሙሉው ወገን በማደሪያው አፍ ላይ ይቆምና ስለቱ ሊታጠፍ ሲል ከእርሱ ጋራ ይጋጫል። በር ከውስጥ በመወርወሪያ እንደ መዝጋት ያለ ነው። ቀለበቱ ሲዞር ጥቂት በጥቂት እየጠበቀ ስለሚሄድ ቢያልቅም እንኳ ትንሽ ጨምሮ ማዞር ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የተሠራው ደግሞ ሰንጢው ተዘግቶ ሳለም ይቆለፋል፤ በኪስ ውስጥ እንዳይከፈት ማለት ነው።

ከመምህራን አንዱ ከዚያ አገር ያመጡትን 8 ቊጥር አሳይተውኛል። ጉድለቱ አንድ ነው፤ እንጨቱ ውኃ የጠጣ እንደ ሆነ አብጦ ስለቱን ጨምቆ ይይዘዋል፤ በጥፍር ቢስቡት እንቢ ይላል። የሳቮዋ ገበሬዎች ለዚህ የሚያደርጉት የእጀታውን ጭራ በጠረጴዛ ጠርዝ ወይም በድንጋይ ላይ ጠብ ማድረግ ነው፤ በዚህን ጊዜ የስለቱ ጫፍ ከማደሪያው ብቅ ይላል። ሌላው ነገር ቀለበቱ በራሱ የማይዞር መሆኑ ነው። ሰውየው ማዞሩን የረሳ እንደ ሆነ ሰንጢው ያለ ቁልፍ ነው። ይህን አንዳንዱ እንደ ነቀፌታ ያየዋል፤ እኔ ግን ተቆልፎ እንደ ሆነና እንዳልሆነ በዐይን የሚታይበት ስለ ሆነ እመርጠዋለሁ።

በራሱ የሚቆለፈው የጀርባ ቁልፍ ነው። እርሱም ከጀርባ ሞላው ሰንጢ ተወልዷል ቢባል ስሕተት አይሆንም። በጀርባው ላይ ያለው ብረት አሁን ሞላ መሆኑ ቀርቶ እንደ ሚዛን ዘንግ መካከሉ ላይ በችንካር ተይዟል፤ ከኋላው ወገን ሌላ ሞላ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ከፊቱ ወገን ወደ ታች የወረደ ጥርስ አለው። በተረከዙ ላይ ደግሞ ለዚያ ጥርስ የተቈረጠ ጕድጓድ አለ። ስለቱ ተከፍቶ ሲያልቅ ጥርሱ ጕድጓዱ ውስጥ ይወድቃል። ከዚያ ወዲያ ለማጠፍ የዘንጉን የኋላ ወገን በአውራ ጣት ሲጫኑ ፊቱ ይነሣና ጥርሱ ይወጣል። ይህ አሠራር ከቀድሞ የነበረ ቢሆንም ስሙን ያገነነው በአሜሪካ አገር ባክ የተባለው ድርጅት በ1964 ያወጣው ባለ 110 ቊጥር የአዳኞች ሰንጢ ነው። ጫፍና ጫፉ ናስ፥ መካከሉ እንጨት ነው፤ 200 ግራም ያህል ስለሚመዝን በኪስ ሳይሆን በመታጠቂያ ላይ በቆዳ አፎት ይያዛል።

የጀርባ ቁልፍ ጠላት ቆሻሻ ነው። ጥርሱ የሚወድቅበት ጕድጓድ በአቧራና በኪስ ብናኝ የተሞላ እንደ ሆነ ጥርሱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከውጭ ለሚያየው ግን የተቆለፈ ይመስላል። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ከገበያ የገዛውን ሰንጢ አምጥቶ ሳየው እንዲሁ ሆኖ አገኘሁት፤ በመርፌ ጫፍ ብጭረው የወጣው የብርቱካን ልጣጭና የአፈር ጭቅቅት አንድ ቁንጢ ይሆናል። ሁለተኛውም ነገር በጣም ጨምቆ የሚይዝ ሰው የዘንጉን የኋላ ወገን ሳያውቀው ሊጫነው መቻሉ ነው። ዴቪድ ቦይ የተባለ የአሜሪካ ሰንጢ ሠሪ ለዚህ ያገኘው መፍትሔ በዘንጉ መጫኛ ላይ ጥቂት ጎድጎድ ያለ ቦታ መፋቅ ነው፤ መዳፍ በላዩ ቢያርፍም አይነካውም፥ የአውራ ጣት ሥጋ ግን ሆን ተብሎ ሲጫን ይገባበታል። ሞረድ ብቻ የሚጠይቅ ማሻሻያ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሐተታ ወደሚያስፈልገው ወደ ላሜራ ቁልፍ ልምጣ። ዛሬ በአንድ እጅ ከሚከፈቱት ሰንጢዎች እጅግ ብዙዎቹ በዚህ ይሠራሉ። በእጀታው ውስጥ፥ በስለቱ ግራና ቀኝ፥ ሁለት ስስ ላሜራዎች አሉ። ከእነርሱ አንዱ በርዝመቱ ተሰንጥቆ እንደ ምላስ ሆኗል፤ ምላሱም ወደ ውስጥ ስለ ተቃና ሁልጊዜ ወደ ማደሪያው መካከል መግባት ይወዳል። ስለቱ ተዘግቶ ሳለ ተረከዙ ይከለክለዋል፤ ስለቱ ተከፍቶ ሲያልቅ ግን ተረከዙ ከፊቱ ይሄድለትና ምላሱ ዘሎ ከኋላው ይቆማል። ስለቱ ልታጠፍ ቢል ተረከዙ በምላሱ አናት ላይ ይመታል። በአሜሪካ ቀድሞ በኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሰንጢ ላይ የሚገኘው ይህ ቁልፍ ካቻቪቴ ሆኖ የሚያገለግለውን ስለት ለመያዝ ነበር፤ ብሎን ሲያጠብቁ እጅ ወዲያና ወዲህ ስለሚያዘነብል ማለት ነው። በ1980ዎቹ ማይክል ዎከር የተባለ ሠሪ የጀርባውን ሞላ ጨርሶ አስወግዶ በዚህ በላሜራው ብቻ እንዲሠራ አደረገው።

የተረከዙ መጨረሻ ቀጥ ያለ አይደለም፤ 8 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ ተሞርዷል። ይህ ለምን ሆነ? እንጨት የሚፈልጥ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ቀጭን ሽብልቅ በግንዱ ውስጥ ተነክሶ ይቀራል፤ ወፍራም ሽብልቅ ግን ሲመቱት ተስፈንጥሮ ይወጣል። ምላሱ በተረከዙና በላሜራው መካከል የገባ ሽብልቅ ነው። ማዘንበሉ ባይኖር ከዘመን ብዛት ብረቱ ሲያልቅ በመካከሉ ክፍተት ተፈጥሮ ስለቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ስላዘነበለ ግን ባለቀ መጠን ምላሱ ጥቂት ጠልቆ ይገባና ክፍተቱን ይሞላል። ማዘንበሉ ከበዛ ደግሞ ስለቱ ሲገፋ ምላሱ ወደ ጐን ተንሸራቶ ይወጣል። ወሰኑን የሚያበጀው መፋተግ ነው። የ8 ዲግሪ ታንጀንት 0.14 ነው፤ ብረት በደረቅ ብረት ላይ ሲፋተግ መጠኑ ከዚህ በላይ ስለሚሆን ምላሱ ባለበት ይቆያል። በመካከሉ ዘይት የገባበት እንደ ሆነ ግን መጠኑ ወደዚያ ሊቀርብ፥ ከዚያም ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ዘይት ለችንካሩ እንጂ ለምላሱ አናት አይደለም። ሰንጢ ዘይት ሲቀባ እላይ እታች ሳይሉ ሁሉን ማርጠብ ልማድ ነው፤ በዚህ ዐይነቱ ላይ ግን ልማዱ ጣት ያስከፍላል።

የዚህ ቁልፍ ሌላ ነውር ሲዘጋ ነው። ምላሱን ወደ ጐኑ የሚገፋው አውራ ጣት በስለቱ መንገድ ላይ መቆሙ ግድ ነው፤ ስለዚህ ስለቱ ጥቂት እንደ ታጠፈ ጣትን ማንሣት፥ ከዚያ በኋላ መጨረስ ይገባል። በርካሹ ደግሞ ላሜራው እንደ ጣሳ ክዳን የሳሳ ይሆናል፤ እጀታውን ጠምዘዝ ሲያደርጉት ምላሱ ሲንቀሳቀስ በዐይን ይታያል። እንዲህ ያለውን በሥራ ላይ አላምነውም።

ከደቡብ አፍሪቃ ወደ አሜሪካ የሄደ ክሪስ ሪቭ የሚባል ሰው የላሜራውን መሳሳት በቀላል መንገድ መለሰው፤ ስሱን ላሜራ ትቶ የእጀታውን ወፍራም ጐን ራሱን ሰንጥቆ ምላስ አደረገው። በዚህ ሰንጢውን ጨምቆ መያዝ ምላሱን ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገፋዋል እንጂ አያስለቅቀውም። ሰንጢውን ሰቤንዛ ብሎታል፤ በዙሉ ቋንቋ ሥራ ማለት ነው። በ1998 ደግሞ ቤንችሜድ የተባለው ድርጅት ግራና ቀኝ በሁለት ሞላ የተያዘ አንድ አግድም ዘንግ በተረከዙ ላይ እየወደቀ የሚቆልፍ ሰንጢ አወጣ፤ ዘንጉ በግራም በቀኝም እጅ ወደ ኋላ ሲሳብ ጣት በስለቱ መንገድ ላይ አይገባም።

ስለ መክፈቻው እምብዛም አላበዛም። የጥንቱ መክፈቻ በስለቱ ጐን ላይ ያለችው የጥፍር ማስገቢያ ጭረት ናት፤ ሁለት እጅ ትጠይቃለች። በ1981 የአሜሪካው የስፓይደርኮ ድርጅት በስለቱ ላይ ክብ ቀዳዳ በስቶ አውራ ጣት በዚያ እንዲገፋ አደረገ፤ ሌሎች በስለቱ ጐን ላይ ትንሽ ጕብ ያለ ችንካር ይተክላሉ፤ ሌሎችም ተረከዙን ጥቂት ከእጀታው አውጥተው በሌባ ጣት እንዲሳብ ያደርጋሉ። ገመድ በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ሰንጢ ለሚፈልግ መርከበኛ ወይም መሰላል ላይ ለቆመ ሠራተኛ ይህ ቅንጦት አይደለም። የስዊስ ጦር ሠራዊትም በ2008 ለወታደሮቹ ባወጣው ሰንጢ ስለቱን በአንድ እጅ የሚከፈትና በላሜራ የሚቆለፍ አድርጎታል።

ነገር ግን በቀላሉ የሚከፈት በኪስም ውስጥ ሊከፈት ይችላል፤ ስለዚህ ተዘግቶ የሚያቆየውንም መጠየቅ ያስፈልጋል። የጀርባ ሞላና የጀርባ ቁልፍ ያላቸው ሰንጢዎች ስለታቸውን ራሳቸው ወደ ማደሪያው ይገፉታል። የላሜራ ቁልፍ ግን ይህ የለውም። ዎከር በምላሱ ላይ ከሰሊጥ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ ድንብልቡል ብረት ተከለ፤ በስለቱ ተረከዝም ላይ ለእርስዋ የምትሆን ጕድጓድ በሳ። ሰንጢው ሲዘጋ ድንብልቡሊቱ ጕድጓዷ ውስጥ ገብታ ስለቱን ትይዘዋለች፤ አውራ ጣት በርትቶ ሲገፋ ብቻ ትለቀዋለች።

ቁልፍ ሲነኩት በሞላ ተወርውሮ የሚከፈተው ሰንጢ ከዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። ሞላው ተዘግቶ ሳለም ስለቱን ለመክፈት ሲገፋ ይኖራል፤ የሚከለክለው አንዲት ትንሽ መንከሻ ብቻ ናት። አሜሪካ በ1958፥ እንግሊዝ በ1959 በዚህ ዐይነቱ ላይ ሕግ ያወጡት የወጣቶችን ጠብ ፈርተው ነበር፤ እኔ ግን ጠቡን ትቼ አሠራሩን ብቻ ባየው እንኳ መንከሻዋ ባለቀች ጊዜ ጭን የሚወጋ ነገር በኪሴ ባልይዝ እመርጣለሁ። ከዚህ የሚሻለው በከፊል የሚያግዝ ሞላ ያለው ነው፤ በመጀመሪያ ሞላው ስለቱን ወደ መዝጊያው ይጫነዋል፤ ሰውየው በጣቱ ገፍቶ ጥቂት ዲግሪ ካሳለፈው በኋላ ግን ያው ሞላ አቅጣጫውን ለውጦ ወደ መክፈቻው ይገፋዋል።

አንድ ሰንጢ በእጃችን ሲገባ እንዴት እንመርምረው? በመጀመሪያ ከፍተን ቁልፉ እስከ መጨረሻ መግባቱን በዐይን እንይ። ቀጥሎ እጀታውን ከግራና ከቀኝ ጐኑ ብቻ በጣት ጫፍ እንያዝ፤ ማንኛውም ጣት በማደሪያው አፍ ላይ አይረፍ። ከዚያ የስለቱን ጀርባ በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አስደግፈን ቀስ በቀስ እንጫን። የጀርባ ሞላ ያለው ይታጠፋል፤ ይህ ጠባዩ ነው። ቁልፍ አለኝ የሚለው ግን ከታጠፈ እርሳስ ለመቅረጽ እንጂ ለመብሳት አይሆንም። በኀይል መምታት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ደኅናውን ያበላሻል።

እንክብካቤውም አጭር ነው። የጀርባ ቁልፍ ጕድጓድ በመርፌ ወይም በጥርስ መፋቂያ ይጠረግ። ለችንካሩ አንድ ጠብታ ዘይት ይበቃል፤ የላሜራው አናት በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ። ችንካሩ ብሎን የሆነለት ሰንጢ ስለቱ ወደ ጐን ሲወላገድ በካቻቪቴ ሩብ ዙር ያህል ማጥበቅ ነው፤ ከዚያ በላይ ካጠበቁት ስለቱ አልዞር ይላል። የፈረንሳዩ ሰንጢ ቀለበት ከአገልግሎት ብዛት የላላ እንደ ሆነ ግን በፒንሳ ሁለቱን ጫፎቹን ጥቂት ማቀራረብ ይበቃዋል፤ በአውራ ጣት ሲገፉት የሚዞር፥ ሳይገፉት ግን የማይዞር ከሆነ ልኩን አግኝቷል።